ጋሎዋ፦ ካብ፣ ጎዳ ከብትና ስሙ ብቻ የቀረ ፈረስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1682፣ በነሐሴ ወይም በመስከረም ወር፣ ከስኮትላንድ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ወደ እንግሊዝ ገበያ የተነዱ 59 ከብቶች እንግሊዝ ምድር ላይ ተያዙ። የአራት ዓመት ከብቶች ነበሩ፤ ግዙፍ፣ ያማሩ፣ እያንዳንዳቸው ከ5 እስከ 6 ፓውንድ የሚያወጡ። ያስያዛቸውም ይኸው ግዝፈታቸው ነው። የስኮትላንድ ከብት እንዲህ አይገዝፍም፣ እነዚህ የአየርላንድ ናቸው ተባለ። የአየርላንድን ከብት ወደ እንግሊዝ ማስገባት ደግሞ በ1667 በወጣ ሕግ ተከልክሏል። ከብቶቹን በአደራ የያዘው ሰው፣ ስኮትላንድ ውስጥ ሲወለዱ ያየ ምስክር አቅርብ ቢባል በተቆረጠለት ሰዓት ሊያደርስ አልቻለም። ተፈረደባቸውና ሁሉም ጭንቅላታቸውን እየተመቱ ተገደሉ።

ታሪኩን የተወልን የኪርኪነር አጥቢያ ቄስ የነበረው አንድሩ ሲምሰን ነው። በ1684 ስለ አገሩ ባዘጋጀው ሰፊ መግለጫ ውስጥ፣ ፈራጆቹ ከብቶቹ ስኮትላንድ ውስጥ መርባታቸውን አሳምረው ያውቁ እንደነበር ጽፏል። ቁጭቱ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ከገጹ ላይ አልበረደም። ይህን ምዕራፍ ከዚያ ፍርድ የጀመርኩት በምክንያት ነው። ስለ አገር በቀል የከብት ዝርያ ሲነሣ ወሬያችን ቶሎ ወደ ደምና ወደ መልክ ይሄዳል፤ ንጹሕ ነው፣ ክልስ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ቡላ ነው እንላለን። የዚህ አገር ታሪክ ግን ዝርያን የሚሠሩት ሦስት ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል፦ መሬቱ፣ ገበያው፣ መሬቱን የያዘው ሰው። ከሦስቱ አንዱ ሲናጋ ከብቱም አብሮ ይናጋል።

የዝናብ አገር

አገሩ በእንግሊዝኛ ጋሎዌይ ይባላል። ነዋሪዎቹ በስኮትስ ቋንቋቸው ጋሎዋ ይሉታል። ስኮትስ የእንግሊዝኛ እኅት ቋንቋ ነው፤ በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንናገረዋለን ብሏል። ስሙ ራሱ ግን ከስኮትስ ይቀድማል። በመካከለኛው ዘመን በዚህ ባሕር ዳርቻ ጌልኛ የሚናገሩ፣ ከኖርስ ባሕረኞች ጋር የተዋለዱ ሰዎች ሰፈሩ፤ ጋል-ጌይል ተባሉ፤ ባዕዳን ጌሎች እንደማለት ነው። አገሩም በነሱ ተጠራ። ጌልኛው በጊዜ ብዛት ከአካባቢው ጠፋና ቦታውን የወረሰው ስኮትስ ስሙን ለራሱ አፍ እንዲመች አድርጎ ያዘው። ዛሬ ያ ስም የአገር፣ የላም፣ የፈረስና የካብ ስም ነው። ፎገራ፣ ሆሮ፣ ቦረና እያልን አገሩንና ከብቱን በአንድ ቃል ለምንጠራ ለእኛ ይህ እንግዳ አይሆንብንም።

ጋሎዋ የሚባለው በዋናነት ሁለት ጥንታዊ አውራጃዎችን ነው፤ በምዕራብ ዊግታውንሻየር፣ በምሥራቅ ከርኩብሪ። ክሪ የተባለው ወንዝ ይለያቸዋል። ወደ ባሕሩ የተጠጋው ቆላማ መሬት ለምለም ነው። ወደ ሰሜን ሲወጡ ግን መሬቱ ይጎረብጣል፤ ድንጋይ፣ ጥቁር ረግረግ፣ ሻካራ ሣር፣ የእኛ አስታ ዘመድ የሆነው ሄዘር ይበዛል። ከፍተኛው ጫፍ ሜሪክ 843 ሜትር ነው፤ ደጋ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ተራራ አይደለም፤ በዚያ ሰሜናዊ ምድር ግን እርሻ የሚያቆምበት ከፍታ ከዚህ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ከአትላንቲክ የሚነፍሰው ነፋስ ክረምቱን ያለዝበዋል፤ በረዶው ባሕር ዳር ብዙ አይቆይም። በምትኩ ዝናብ አለ። ከጎን እየገፋ የሚመታ፣ ቀናትን የሚያሳድር ዝናብ። በዚህ አገር ከብትን የሚጎዳው ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱ ነው፤ ቆዳው ድረስ የራሰ ከብት የበላውን ሁሉ ለሙቀት ያወጣዋል፤ ሥጋ ሊያበቅል አይችልም።

የጋሎዋ ላም ለዚህ የምትሰጠው መልስ በጸጉሯ ላይ ነው። ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ሞገድ ያለው ጸጉር አላት፤ ዝናቡን ተቀብሎ በጎኖቿ ያወርደዋል። ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ጸጉር አለ፤ ሙቀቷን እሱ ይይዝላታል። ብዙ የከብት ዝርያዎች ብርድን የሚቋቋሙት ከቆዳቸው ሥር ወፍራም ስብ በመከመር ነው። ጋሎዋ ይህን ሥራ ለጸጉሯ ስለተወች ያን ያህል ስብ አያስፈልጋትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የጎሽ መንጋ ተጨፍጭፎ የጎሽ ቆዳ ካፖርት ሲጠፋ፣ የሜዳው ሰዎች ምትክ ያደረጉት የጋሎዋን ቆዳ መሆኑ ስለዚህ ጸጉር ብዙ ይናገራል። ላሚቱ ክረምቱን ውጭ ታሳልፋለች፤ ውጭ ትወልዳለች፤ ሌላ ከብት አሽትቶ የሚያልፈውን ሻካራ ሣር ትበላለች።

መልኳ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ጫፉ ወደ ቡናማ የሚያደላ ጥቁር። ቡላም አለ፣ ቀይም አለ፤ ጆሮና አፍንጫው የጠቆረ ነጭም አለ። ከጀርባው ላይ ነጭ መስመር የወረደለት ሪጊት የሚባል ጥንታዊ መልክ አለ፤ የራሱን ማኅበር ያገኘው በ2007 ነው። በወገቡ ዙሪያ ነጭ መቀነት የታጠቀውም አለ፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ሌላው ምልክቷ ጎዳነቷ ነው። ወንዱም ሴቱም ቀንድ የለውም። እንግሊዛዊው የከብት አርቢና ጸሐፊ ጆርጅ ከሊ በ1786 ባሳተመው መጽሐፍ ጋሎዋን ለብቻው ሲገልጸው ይህንኑ መለያ አድርጎለታል። ጎዳነትን የሚያወርሰው ዘረ መል ገዢ ነው፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣ ጥጃው ቀንድ አያበቅልም። ስለዚህ ገበያው ጎዳ ከብት ከፈለገ፣ ጎዳ ኮርማ እየመረጡ መንጋውን መለወጥ ረጅም ዘመን አይጠይቅም። ገበያውም ፈልጓል። ብዙ መቶ ከብት ተጨናንቆ በሚሄድበት መንገድ ላይ ቀንድ ማለት የተወጋ ጎን፣ የቆሰለ ቆዳ፣ የወረደ ዋጋ ነው።

የባልዱን ግጦሽ

መንገዱ ሩቅ ነበር። የጋሎዋ ከብት ዋና መዳረሻ በምሥራቅ እንግሊዝ ኖርፎክ ውስጥ፣ ከኖሪች ከተማ አጠገብ የሚቆመው የሴንት ፌይዝ ገበያ ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ነጂዎቹ በቀን 16 ወይም 20 ኪሎ ሜትር እያስኬዱ፣ መንገድ ዳር እያስጋጡ፣ አንድ ወር ያህል ይጓዙ ነበር። የኖርፎክ ገበሬዎች የደረሰውን ከብት ገዝተው ክረምቱን ያደልቡታል፤ የደለበው ሰንጋ ለንደን፣ ስሚዝፊልድ ላይ ይታረዳል። ከጋሎዋ ኮረብታ ተነሥቶ የለንደን ማዕድ የሚደርሰው ሥጋ በራሱ እግር የሚሄድ ሥጋ ነው። ስለዚህ ለዚያ አገር ባላባት ከብት ማለት እህል ሊያበቅል የማይችለውን መሬት ወደ ብር የሚለውጥ ዋነኛው ነገር ነበር።

ይህን ከሁሉ ቀድሞ በትልቁ የተረዳው የባልዱኑ ባላባት ሰር ዴቪድ ደንባር ነው። ከዊግታውን አጠገብ መሬቱን አጥሮ ያቆመው ግጦሽ፣ ሲምሰን እንደሚነግረን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ሺህ ያህል ከብት ይይዝ ነበር። ሁለት መቶ የሚጠጉ ላሞች ነበሩት፤ አብዛኞቹ በየዓመቱ ይወልዳሉ። በበጋ ከአካባቢው ሰው ይገዛል፤ በየዓመቱ ከ360 እስከ 400 ከብት ለነጂዎች ይሸጣል ወይም ራሱ ወደ እንግሊዝ ገበያ ይልካል። እነዚያ 59 ከብቶች በዚህ ቤት የረቡ ነበሩ። ግዝፈታቸው ከየት መጣ? ጥሩ ግጦሽ አንዱ ምክንያት ነው። ግን የአየርላንድ ጠረፍም ከፖርትፓትሪክ ወደብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ሰማዩ ሲጠራ በዓይን ይታያል። በዚያ ጠባብ ባሕር ላይ ከብት ሲመላለስ ኖሯል። የእንግሊዞቹ ጥርጣሬ ጨርሶ ከአየር የተፈጠረ አልነበረም፤ ፍርዱ ግን ግፍ ነበር። ከብቶቹ የአገሩ ልጆች ነበሩ፤ ምናልባት አያታቸው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ይሆናል። የየትኛው ዝርያ አያት ነው ያልተሻገረ?

ደንባርን የሥነ ጽሑፍ አንባቢ በሌላ በር ያውቀዋል። ልጁ በ1669 ያገባት ጃኔት ዳልሪምፕል ከሠርጓ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ ዋልተር ስኮት በ1819 ያወጣው «የላመርሙር ሙሽራ» የተሰኘ ልብ ወለድ መነሻው ያ ሞት ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሙሽራይቱ ይልቅ አጥሩ ይበልጥብናል።

የ1724 ካብ አፍራሾች

በ1707 ስኮትላንድና እንግሊዝ በአንድ ፓርላማ ሲዋሐዱ የድንበሩ ቀረጥና ክልከላ ተነሣ፤ ለስኮትላንድ ከብት የእንግሊዝ ገበያ ወለል ብሎ ተከፈተ። የሮቢንሰን ክሩሶ ደራሲ ዳንኤል ዲፎ በ1720ዎቹ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ አንድ የጋሎዋ መኳንንት በዓመት 4,000 በግና 4,000 ጥቁር ከብት ወደ እንግሊዝ መላኩ ብርቅ እንዳልሆነ፣ ባላባቶቹም ከጭሰኛ የሚሰበስቡትን ግብር በከብት እንደሚቀበሉ ጽፏል። እንግዲህ ዋጋው እንዲህ ሲወጣ፣ ደንባር በባልዱን የሠራውን ሁሉም ባላባት ሊሠራው ፈለገ። ለከብት የሚሆን ሰፊ መሬት በካብ ማጠር ተጀመረ። በዚያ መሬት ላይ ደግሞ ሰዎች ነበሩ።

በጥቃቅን ማሳ አጃና ገብስ እያረሱ፣ ጥቂት ከብት በወል ግጦሽ እያሰማሩ የሚኖሩ ጭሰኞች በፀደይ፣ ውሉ በሚታደስበት ሰሞን፣ ልቀቁ ተባሉ። በ1724 ተነሡ። በመቶዎች እየሆኑ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ረጃጅም እንጨት ይዘው ከካቡ ጎን ይሰለፋሉ፤ እንጨቱን ከድንጋዩ ሥር ይሸጉጣሉ፤ አንድ ድምፅ ሲሰማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገፋሉ። ረጅም ካብ በአንድ ሌሊት ሜዳ ይሆናል። ሌቭለርስ፣ አስተካካዮች፣ ተባሉ።

እነዚህ ሰዎች ያልተማሩ ረባሾች ተደርገው ሲሣሉ ማየት ያሳዝነኛል። አቤቱታቸውን አሳትመው አሰራጭተዋል፤ ክርክራቸውም የሕግ ክርክር ነበር። ባላባቶቹ በሕግ የተከለከለውን የአየርላንድ ከብት በድብቅ እያስገቡ በታጠረው መሬት ላይ ያደልባሉ አሉ። እንደዚያ ያለ ከብት ሲያገኙም ሕጉን እናስከብራለን ብለው አረዱት። ከአርባ ዓመት በፊት እንግሊዝ ውስጥ 59ኙን ከብቶች ያስገደለ ክስ አሁን በጋሎዋ ጭሰኞች እጅ ገብቶ በባላባቶቹ ላይ ዞረ። የከብት ትውልድ ቦታ የደኻና የባላባት ጠብ መሣሪያ ሆነ።

መንግሥት ፈረሰኛ ጦር ላከ። አስተካካዮቹ ተበተኑ፤ የተያዙት ታሰሩ። የባልዱን መሬት የወረሰው ቤዚል ሃሚልተን በ1725 መጀመሪያ ካቤን አፈረሱ ያላቸውን ሰዎች ከሶ ካሣ አስፈረደባቸው። ካቡ እንደገና ተካበ። ዛሬ በጋሎዋ ኮረብታዎች ላይ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣው፣ እስከ አድማስ የሚሄደው ግራጫ የድንጋይ ሐረግ መነሻው ይህ ነው። ሳየው ውበቱ ብቻ ሊታየኝ አልቻለም። ሆኖም ያ ካብ ባይኖር ኖሮ ጋሎዋ የሚባል የከብት ዝርያም ባልኖረ ነበር። ኮርማና ላም መርጦ ማገናኘት የሚቻለው መንጋው ከጎረቤት መንጋ ሲለይ ነው፤ በወል ግጦሽ ላይ የሁሉም ኮርማ የሁሉም ነው። የዝርያው ንጽሕና የተገዛው በጭሰኛው መነቀል ነው። ሁለቱንም እውነት አንድ ላይ መያዝ ግድ ይላል።

ካቡ ራሱ ጥበብ አለው። የጋሎዋ ካብ የሚባለው ከታች በሁለት ረድፍ፣ ውስጡ በጠጠር ተሞልቶ ጠብቆ ይካባል፤ ከላይ ግን ትላልቅ ድንጋዮች በአንድ ረድፍ ብቻ ሆን ተብሎ ክፍተት እየተተወ ይደረደራሉ። ብርሃን በመካከሉ ያልፋል። በግ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የሚናድ የሚመስል ነገር ላይ ለመዝለል አትደፍርም። ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ በድንጋይ ክብደት ብቻ የቆመ ነው።

ስሙ የቀረው ፈረስ

ዲፎ ከከብቱ ይልቅ ያደነቀው ፈረሱን ነው። የጋሎዋ ፈረስ አጭር፣ ደንዳና፣ ለማዳና የማይደክም መሆኑን ጽፏል፤ እንግሊዞችም ማንኛውንም አጭር ጠንካራ የመቀመጫ ፈረስ ጋሎዌይ እያሉ የሚጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው ይላል። አረማመዱንም አንሥቷል፤ በአማርኛ ሰጋር የምንለው፣ ተቀማጩን የማያንገጫግጭ አካሄድ ነበረው። ቁመቱ ከ132 እስከ 142 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ዝናው ከዲፎ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ለንደን ደርሷል፤ ሼክስፒር በ«ሄንሪ አራተኛ» ሁለተኛ ክፍል ስሙን ከአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ አስገብቶታል።

ይህ ፈረስ ዛሬ የለም። ያጠፋው በሽታም ጦርነትም አልነበረም። መንገድ ሲሠራ ሰው በሠረገላ መሄድ ጀመረ፤ ሰጋሩ ፈረስ ሥራውን አጣ። ማረሻው ሲከብድ ገበሬው ከባድ ፈረስ ፈለገና አጫጭር ባዝራዎቹን ከግዙፍ ድንጉላዎች ጋር አዳቀለ። ማንም ይጥፋ ብሎ የወሰነ የለም፤ እያንዳንዱ አርቢ ለራሱ የሚበጀውን አደረገ። በሰሜን እንግሊዝ ፌልና ዴልስ በሚባሉት አጫጭር ፈረሶች ውስጥ ደሙ እንዳለ ይታመናል። ስሙ ደግሞ ርቆ ሄደ። የሰሜን እንግሊዝ ማዕድን ሠራተኞች ጭነት የሚሸከመውን አጭር ፈረስ ጋሎዌይ ሲሉት ኖሩ፤ አውስትራሊያ ውስጥ በፈረስ ውድድሮች ላይ ዛሬም ጋሎዌይ ማለት በቁመት የሚለይ የፈረስ ምድብ ነው። የሚወዳደሩት ፈረሶች ከጋሎዋ የመጡ አይደሉም።

ስለ አገር በቀል ዝርያ በምናስብበት ጊዜ ይህ ፈረስ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሁሉም ያደንቀው ነበር። አድናቆት አላዳነውም።

መዝገብ፣ መቀነትና ክልስ

ላሚቱም ከዚያው ዕጣ አፋፍ ደርሳ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት መርከብና ባቡር ሲመጣ ከብትን አንድ ወር ማስኬድ ቀረ፤ በረጅም መንገድ የሚጸና ጎዳ ከብት የተለየ ጥቅሙን አጣ። በለምለሙ ቆላ ደግሞ ከሰሜን ጎረቤት አውራጃ የመጣችው የኤርሻየር ላም ገባች፤ ወተቷ አይብ ሆኖ ወደ ከተሞቹ ይሄድ ጀመር። ጋሎዋ ሌላ ከብት ወደማይችለው ኮረብታ ተገፋች። የዘር መዝገብ የተከፈተላት በዚህ የማፈግፈግ ዘመን ነው።

ቀድሞ የተሰበሰበው የዘር ሐረግ በ1851 ኤድንብራ ውስጥ በተነሣ እሳት ተቃጥሏል። በ1862 የወጣው የመጀመሪያው የጎዳ ከብቶች መዝገብ ጋሎዋንና ከስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን አበርዲን አንገስ በአንድ ላይ ያዘ። የጋሎዋ አርቢዎች ይህ አልተዋጠላቸውም፤ በ1877 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ከጋራው መዝገብ ወጡ፤ ጽሕፈት ቤታቸው ካስል ዳግላስ ከተማ ነው። አንገስ በእህል ቶሎ የሚደልብ ሆኖ ተመረጠና ዓለምን ሞላ። ጋሎዋ በሣር ቀስ ብላ የምታድግ ሆና ቀረች።

መቀነት የታጠቁት፣ አገሬው ቤልቲ የሚላቸው፣ ለብቻቸው ቀሩ። ማኅበራቸው ከቡላዎቹ ጋር የተቋቋመው በ1921 ነው። ነጩ መቀነት ከየት እንደመጣ አርቢዎች ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ብዙዎቹ ላከንፌልደር የተባለውን ባለ መቀነት የደች ከብት ይጠቁሙ ነበር። በ2017 የታተመ የዘረ መል ጥናት ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ አመጣ። የመቀነቱ ምክንያት በከብት ሦስተኛ ክሮሞዞም ላይ፣ ትዊስት 2 ከሚባለው ዘረ መል አጠገብ፣ አንድ ቁራጭ ተደጋግሞ መጻፉ ነው፤ ጥጃው በእናቱ ማሕፀን ሳለ ቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሳት ወገቡ ላይ እንዳይስፋፉ ያደርጋል። ያው ለውጥ በጋሎዋው ቤልቲ፣ በደቹ ላከንፌልደርና በአልፕስ ተራሮች ባለ መቀነት ከብት ላይ አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ሦስቱም ከአንድ ጥንታዊ ቅድመ አያት ወርሰውታል ማለት ነው። አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች እነዚህን ከብቶች አይታችሁ ይሆናል፤ ሜይን ግዛት ውስጥ አልደርሜር በተባለ እርሻ ከ1953 ጀምሮ ይረባሉ። ልጆች በኦሪዮ ብስኩት ስም ይጠሯቸዋል።

የጥቁሯን ላም ኑሮ ያቆየው ግን ውበት አልነበረም፤ ክልሱ ነው። የጋሎዋ ላም ከነጭ ሾርትሆርን ኮርማ ጋር ስትዳቀል የምትወልደው ጥጃ ሰማያዊ መሳይ ግራጫ ነው፤ ብሉ ግሬይ ይባላል። ይህች ክልስ ከእናቷ ጥንካሬን፣ ከአባቷ ወተትንና ዕድገትን ትወርሳለች፤ ጥጃ አሳዳጊ ላም ሆና በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ኮረብታዎች እጅግ ትፈለጋለች። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ጥሩ ላሞች ሁሉ ክልስ ወላጅ ከሆኑ ነገ ንጹሕ ጋሎዋ ማን ይወልዳል? የሚሻለው መንገድ አርቢዎቹ ራሳቸው የያዙት ነው፤ የመንጋቸውን የተወሰነ ክፍል በንጹሕ ኮርማ አስጠቅተው ተተኪ ጊደሮች ያወጣሉ፤ ከቀሩት ክልስ ይሸጣሉ። ክልሱ ገበያ እስካለው ንጹሑም ምክንያት አለው። ይህ ሒሳብ የጠፋባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ ክልሷን እያባዙ እናቷን ይረሳሉ። በእኛም ፎገራ ሜዳ፣ ሩዙ ግጦሹን ሲይዝና ማዳቀሉ ሲበዛ፣ ፎገራ የሚለው የከብት ስም እየሳሳ መምጣቱ ሊያሳስበን ይገባል።

ዛፉ፣ በሽታውና ፓርኩ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኮረብታውን የተሻማው ሌላ ከብት አልነበረም፤ ዛፍ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ብሪታንያን የእንጨት ችግር ላይ ስለጣላት የደን ኮሚሽን በ1919 ተቋቋመ። ርካሽና እርጥብ የሆነው የጋሎዋ ኮረብታ ለሲትካ ስፕሩስ ዛፍ ተመቸ። በ1947 የተሰየመው የጋሎዌይ ደን ፓርክ ከ700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥቁሮቹ ከብቶች ይግጡበት የነበረው ብዙው መሬት ዛሬ በስፕሩስ ጥላ ሥር ነው።

ከዚያ 2001 መጣ። የአፍና የእግር በሽታ፣ እኛ አፍተግር የምንለው፣ በየካቲት እንግሊዝ ውስጥ ታየ፤ በመጋቢት መጀመሪያ ሎከርቢ አጠገብ ስኮትላንድን ነካ። በስኮትላንድ ከተያዙት 187 ቦታዎች አብዛኞቹ በደምፍሪስና ጋሎዌይ ነበሩ። መንግሥት የታመመውን መንጋ ብቻ አልገደለም፤ የጎረቤትን መንጋ፣ በሦስት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ በጎችን ጭምር አስገደለ። በመላ ብሪታንያ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ። ሬሳው በየሜዳው ተከምሮ ሲቃጠል ገበሬው ከግቢው እንዳይወጣ ተከልክሎ በመስኮት ያይ ነበር።

ካሣ ተከፍሏል። ካሣ የማይተካው ነገር ግን ነበር። የኮረብታ በጎችና ላሞች ያለ አጥር በራሳቸው ኮረብታ ላይ ይቆያሉ፤ የትኛው ሸለቆ ከነፋስ እንደሚጋርድ፣ የቱ ረግረግ እንደሚያሰጥም፣ እናት ለልጇ በመሄድ ብቻ ታስተምራለች። አርቢዎቹ ሄፍት ይሉታል። መንጋው በሙሉ ሲታረድ ያ ትምህርት አብሮ ይቋረጣል፤ ከገበያ የተገዛ አዲስ መንጋ ኮረብታውን አያውቀውም። ዝርያ ደም ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ቤልቲዎቹ ከዚያ መዓት ተርፈዋል። የተመዘገቡ ወላድ ላሞች 2,500 ስለደረሱ የብሪታንያ ብርቅዬ ዝርያዎች ድርጅት በ2007 ከአደጋ ዝርዝሩ አወጣቸው። ጥቁሮቹም አዲስ ሥራ አግኝተዋል። የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች በጎች ነቅሰው የሚተዉትን ሻካራ ሣር የሚበላ፣ ክረምትን ውጭ የሚያድር፣ ሰው ሲያይ የማይደናገጥ ጎዳ ከብት ይፈልጋሉ፤ ሣሩ ሲሳሳ ሄዘሩና አበባው ቦታ ያገኛል፣ ወፎቹ መክተሚያ ያገኛሉ። ጀርመን ውስጥ በርካታ የጋሎዋ መንጋዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

የመሬቱ ጠብ ግን አልተዘጋም። የስኮትላንድ መንግሥት ሦስተኛውን የአገሪቱን ብሔራዊ ፓርክ በጋሎዋ ለማቋቋም በ2024 አሰበ፤ ቱሪዝም፣ ሥራ፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ያመጣል ተባለ። ብዙ ገበሬዎች ተቃወሙ። ከብት የት እንደሚግጥ፣ በረት የት እንደሚሠራ ከሩቅ የሚወስንብን ሌላ ቢሮ አንፈልግም አሉ፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ ያለ ፓርክ ኮረብታው ለእንጨትና ለነፋስ ተርባይን ኩባንያዎች ይሸጣል ብለው ተከራከሩ። ሕዝብ ሲጠየቅ ከግማሽ በላዩ ተቃዋሚ ሆኖ ተገኘ፤ በግንቦት 2025 መንግሥት ዕቅዱን ተወው። እኔ የሁለቱም ወገን ፍርሃት እውነት ይመስለኛል። ለዛፍ ተከላ የሚከፈለው ገንዘብ የኮረብታን ዋጋ ከፍ አድርጎታል፤ ጥጃ ሸጦ መሬት መግዛት የሚፈልግ ወጣት አርቢ በዚያ ዋጋ መወዳደር ይከብደዋል። ፓርኩ ቀርቷል፤ የሚሸጥ ኮረብታ በተገኘ ቁጥር ግን ገበሬውና የደን ባለሀብቱ አሁንም አንድ ጨረታ ላይ ይገናኛሉ።